ዕድሜ የሌለው ሠንጠረዥ

ታንጉን ከእንቅልፏ የቀሰቀሳት የልጇ ቆጠራ ነው። ገና አልነጋም። ከመጋረጃው ማዶ ያብስራ በሹክሹክታ ትቆጥራለች። «ሃያ ስድስት... ሃያ ሰባት... አባዬ፣ ደረትህ መሬት አልነካም፣ ይኸ አይቆጠርም... ሃያ ሰባት።» ከቁጥሩ ጋር አብሮ የሚሰማ ትንፋሽ አለ፤ እርጥብ እንጨት በመጋዝ ሲቆረጥ የሚሰማውን ዓይነት፤ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። ታንጉ አልጋው ላይ ቀና ብላ ቁጥሩን ተከተለች። ሠላሳ አንድ ላይ ቆጠራው ቆመ። ትንፋሹም አብሮ የቆመ መሰላት። ያኔ ነው ዘላ ተነስታ መጋረጃውን የገለጠችው።

ባሏ ሃምሳ አለቃ ባየልኝ በካኔተራ ብቻ ሆኖ ሲሚንቶው ላይ በደረቱ ተኝቷል። ላቡ ከስሩ የሰው ቅርጽ ያለው እርጥበት ሠርቷል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዋ ያብስራ የውሃ ጀሪካን ላይ ተቀምጣ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛለች፤ ስልኩ ላይ ሰከንዱ አሁንም ይሮጣል። ሦስቱም ተያዩ። በሌላ ዘመን ቢሆን በሚያዝያ ወር ገንዳ ውሃ ከተማ ቤት ውስጥ የሚያድር ሰው የለም፤ ሁሉም አልጋውን ግቢ አውጥቶ ነው የሚተኛ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ሌሊት የሚሰማው ተኩስ ሰዉን ሁሉ ወደ ቆርቆሮው ስር መልሶታል። በሩ ተዘግቷል፣ መብራት የለም፣ ቤቱ እንደ ምድጃ ነው። በዚህ ሙቀት ውስጥ አንድ የአርባ ስድስት ዓመት ሰው ከልጁ ጋር ተደብቆ ፑሽ አፕ ይሠራል።

«ወገቤን ላፍታታው ብዬ ነው» አለ ባየልኝ በመጨረሻ። ሲነሳ በአንድ እጁ ግድግዳውን ያዘና ከሚገባው በላይ ቆየ። ታንጉ ያንን እጅ አየችው። ልጅቷ ግን ስልኳን ለማጥፋት አጎንብሳ ስለነበር አላየችም። ፊቱን ታጥቦ ዩኒፎርሙን ለበሰ፤ የጫማውን ክር ሲያስር እንኳ ሁለት ጊዜ እረፍት አደረገ። ቁርስ አልፈልግም አለ። «ዛሬ ልቆይ እችላለሁ» ብሎ የጦሩ መኪና ወደሚጠብቅበት ማዕዘን ወጣ። እሱ የካምፑን የውሃ ቦቴ ነው የሚነዳው፤ ሃያ ሰባት ዓመት ያገለገለ፣ ከግማሽ በላዩን መሪ ጨብጦ ያሳለፈ ሰው ነው። ታንጉ ከበሩ ላይ ቆማ እስኪታጠፍ ድረስ አረማመዱን ስትከተል ቆየች። ያብስራ ከኋላዋ ሲሚንቶውን በጨርቅ ታደርቃለች። «ምን ስትሠሩ ነበር?» ብላ አልጠየቀቻትም። ብትጠይቅ ልጅቷ መልሳ «አንችስ ለምን እንዲያ ደነገጥሽ?» ልትላት ትችላለች።

ለዚያ እንዳትመልስ በመሐላ ተይዛለች። የካቲት ላይ፣ ያብስራ ትምህርት ቤት ሳለች፣ ባየልኝ ከሥራ ገብቶ የውሃ ጀሪካን ሊያነሳ ጎንበስ እንዳለ ገመዱ እንደተበጠሰ ነገር ተዘርግፎ ወደቀ። ዓይኑ ተከፍቶ ነበር፣ ግን አያይም። ከንፈሩ አመድ መሰለ። ታንጉ ስሙን ስንት ጊዜ እንደጠራች አታውቀውም፤ ምናልባት አንድ ደቂቃ ነበር፣ ምናልባት አሥር። ሲመለስ መጀመሪያ የጠየቀው ሰዓት ስንት እንደሆነ ነው። ቀጥሎ ክንዷን ጨምድዶ ይዞ «በያብስራ ሞት፣ ለማንም እንዳትናገሪ። ሙቀት ነው» አላት። በልጇ ሞት የተያዘ ሰው ምን ያደርጋል? ዝም አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር ከእሷ ራቀ። እሱ ሲተኛ ፊቷን ወደ ጀርባው አዙራ ትንፋሹን ስታዳምጥ ታነጋለች። ንጋት ላይ ትንሽ ያሸልባታል። ለካ እነሱ በዚያች ሰዓት ነው ተነስተው የሚቆጥሩት።

ረፋዱ ላይ እንደወትሮዋ የከርከዴውን ድስት ይዛ ወደ ረፊቃ ሱቅ ወጣች። ቤቱንም የምታከራያቸው ረፊቃ ናት፤ ዕቃ ከሱዳን ወዲህና ወዲያ ሲያመላልሱ ከኖሩ ነጋዴዎች የተወለደች፣ ስትናገር ዓረብኛ ጣል የምታደርግ፣ ሩህሩህ ሴት። ታንጉ ከርከዴውን፣ ከደረቀ ቀይ አበባ የምታፈላውን መጠጥ፣ በረፊቃ ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዛ ከሱቁ በረንዳ ላይ በብርጭቆ ትሸጣለች። ከትናንት ማታ ጀምሮ ግን መብራቱም ኔትወርኩም የለም፤ ፍሪጁ የሞቀ ሣጥን ሆኗል። ረፊቃ በካርቶን ራሷን እያራገበች ስለ ስኳር ታወራለች። ኪሎው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቴ ጨመረ፤ ከማዶ የሚመጣው ዕቃ ቆመ፤ ከጎንደር የሚመጣውም መኪና ያለ አጀብ አይንቀሳቀስም። ታንጉ «እንዲያ ነው» ትላለች፤ ልቧ እዚያ የለም። አንድ የጭነት ሾፌር ከርከዴ ቀምሶ «ይኸ እኮ ሻይ ነው» ብሎ ሳቀ። ሁለቱም ሳቁለት።

«ባየልኝ ዛሬ ይሮጣል አይደል?» አለች ረፊቃ ሾፌሩ እንደሄደ፣ ስለ ስኳሩ እያወራች የነበረውን ያህል ቀለል አድርጋ።

«የት ነው የሚሮጥ?»

«ኧረ እቴ፣ አልነገረሽም? ወታደሮቹን የሚፈትኑ እንግዶች መጡ ይላሉ። ጠዋት ሳይሞቅ ሊያስሮጧቸው ነበር አሉ፤ መንገድ ላይ ቆመው አድረው አሁን ነው የደረሱት። ነገ ስለሚመለሱ ዛሬውኑ በዘጠኝ ሰዓት ይሮጡ ተባለ። በዚህ ፀሐይ! ወላሂ፣ አህያ እንኳ በዚህ ሰዓት ጥላ ይፈልጋል።»

ታንጉ የያዘችውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጠዋት የሰማችው ቁጥርና የካቲት ላይ ያየችው ፊት በአንድ ጊዜ ጭንቅላቷ ውስጥ ተገጣጠሙ። ድስቱን እንኳ ሳትከድን ወደ ጓሮ ገባች። ያብስራ ከራኩባው ስር፣ ከሣር ዳሱ ጥላ፣ የአባቷን ሌላኛውን ዩኒፎርም እያጠበች ነበር። እናቷን ስታይ እጇን ከአረፋው አወጣች። ምን እንደመጣ ገብቷታል።

«ንገሪኝ» አለች ታንጉ።

ልጅቷ መጀመሪያ ጣቶቿን ተመለከተች። ቀጥሎ ሁሉንም ነገር ባንድ ትንፋሽ ተናገረች። የቆየው የፈተና ሠንጠረዥ በዕድሜ የተከፋፈለ ነበር። ከአርባ በላይ ለሆነ ሰው ርቀቱ ያንሳል፣ ደቂቃው ይረዝማል፤ ሾፌርና ወጥ ቤትም የራሳቸው መስፈርት ነበራቸው። ዘንድሮ ያ ቀረ። አዲሱ ሠንጠረዥ የዕድሜ ዓምድ የለውም። የሃያ ዓመቱም የአርባ ስድስት ዓመቱም፣ መሣሪያ የሚይዘውም መሪ የሚይዘውም፣ አምስት ኪሎ ሜትር በአንድ ዓይነት ደቂቃ ይሮጣል፤ አርባ አምስት ፑሽ አፕ በሁለት ደቂቃ ይሠራል። የሚሰጠው ዕድል ሁለት ነው። «አባዬ የመጀመሪያውን ባለፈው ወር ወድቋል» አለች ያብስራ። «በአንድ ደቂቃ ከሠላሳ ሰከንድ። ለእናትሽ እንዳትነግሪ አለኝ። መንገድ ላይ ወጥቶ እንዳይለማመድ፣ ወታደር ብቻውን ከታየ ታጣቂዎቹ አይለቁትም። ለዚህ ነው ቤት ውስጥ... ዛሬ የመጨረሻው ነው፣ እማዬ። ከወደቀ ያሰናብቱታል። እሱ ራሱ ‹ዩኒፎርሙን አውልቄ በየትኛው መንገድ ነው አገሬ የምገባ፣ እዚህስ ማን ሆኜ ነው የምቀመጥ› አለኝ። ከእሱ በፊት የተሰናበቱት ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ከመኪና አውርደዋቸው እስካሁን የት እንደገቡ አይታወቅም።»

ታንጉ የራኩባውን ምሰሶ ተደገፈች። «ወድቋል» አለች።

«አዎ፣ በአንድ ደቂቃ ከ—»

«እሱን አይደለም። እዚህ ቤት ውስጥ ወድቋል። በየካቲት። የሞተ መስሎኝ ነበር።»

ያብስራ የሳሙናውን ውሃ እንደያዘች ቆመች። ፊቷ ላይ የመጣውን ታንጉ እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ አትረሳውም። ልጅቷ ስድስት ሳምንት ሙሉ በየንጋቱ «አባዬ ጨምር፣ አባዬ ደረትህ አልነካም» ስትለው የኖረችውን እየመለሰች እየሰማችው ነበር። «ለምን አልነገርሽኝም?» አለች፤ ድምፅዋ እንደ ሕፃን ቀጥኖ። ስልክ ሞከሩ፤ ኔትወርክ የለም። ሰዓቱ ሰባት ተኩል አልፏል። ታንጉ ነጠላዋን ከገመዱ ላይ ሳበችና ወጣች። በያብስራ ሞት የተያዘችበትን መሐላ እየጣሰች እንደሆነ ታውቃለች፤ በእያንዳንዱ እርምጃዋ «በእሷ ላይ አታድርግብኝ፣ በእኔ አድርገው» ትላለች፤ ለማን እንደምትል ግን አስተውላ አልነበረም።

የመጀመሪያው ባለባጃጅ ወደ ካምፑ ስትለው ራሱን ነቀነቀ። ሁለተኛው ሁለት መቶ ብር ጠየቀ፤ በደህናው ጊዜ ሠላሳ ብር የነበረ መንገድ ነው። እሱም ኬላው ጋ ሲደርስ ሞተሩን አጥፍቶ «ከዚህ ወዲያ በነፍሴ አልጫወትም፣ እናት» አላት። ወረደች። ከኬላው እስከ ካምፑ በር አንድ ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ግራና ቀኙ ታጭዶ የተቃጠለ የሰሊጥ ማሳ ነው፣ ጥቁርና ባዶ። አስፋልቱ ጫማዋን ከስር ይስባል። አየሩ ከፊቷ እንደ ውሃ ይንቀጠቀጣል፤ ካምፑ አንዴ ይቀርባል፣ አንዴ ይርቃል። በዚህ አየር ውስጥ ነው አምስት ኪሎ ሜትር የሚሮጠው። መሮጥ ጀመረች። ስትሮጥ ነጠላዋ ከኋላዋ ተነፋ፤ በሁለት እጇ ሰብስባ ደረቷ ላይ ያዘችው።

«ቁሚ! እዚያው ቁሚ!»

ድምፁ ከአሸዋ ከረጢቶቹ በስተጀርባ ነው የመጣው። መሣሪያ ሲቀባበል ሰማች። በነጠላ ስር አንዳች ነገር ይዛ ወደ ካምፕ በር የምትሮጥ ሴት በዚህ ሰሞን ምን እንደምትመስል ያኔ ነው የገባት። ነጠላውን መሬት ላይ ጣለችና ባዶ እጆቿን ወደ ላይ አነሳች። «የሃምሳ አለቃ ባየልኝ ሚስት ነኝ!» ብላ ጮኸች። «የባየልኝ! የውሃ ቦቴው ሾፌር!» ለምን ያህል ጊዜ እንዲያ ቆማ እንደነበር አታውቅም። ላቡ ዓይኗ ውስጥ እየገባ ነው፤ ለመጥረግ እጇን ማውረድ ፈራች። በመጨረሻ አንድ ወታደር ቀስ ብሎ መጣና ነጠላውን በጫማው ጫፍ ገላለጠው። «ምን ሆነሽ ነው እናቴ?» አላት።

ባሏን አስጠሩልኝ አላለችም። ቢጠሩት መጥቶ ይመልሳታል። የካምፑን ሐኪም ነው ያስጠራችው። መቶ አለቃ እየሩስ ወደ በሩ ስትመጣ አንገቷ ላይ ማዳመጫ፣ በእጇ የስም ዝርዝር ይዛለች። ሠላሳ ዓመት አይሞላትም። ታንጉ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት፤ ጀሪካኑን፣ ከንፈሩን፣ ዓይኑን። እየሩስ ሳታቋርጣት ሰማች።

«ከዚህ በፊት ታክሟል? ወረቀት አላችሁ?»

«ወረቀት የለም። ምላሴ ነው ያለኝ።»

ሐኪሟ ወደ ሜዳው ዞራ አየች። ወታደሮቹ ቁምጣ ለብሰው፣ ደረታቸው ላይ ቁጥር ለጥፈው፣ ከአንዲት ግራር ጥላ ስር ተጨናንቀዋል። ከመኪናው አጠገብ እንግዶቹ ሰዓታቸውን ያያሉ። «እትዬ፣ ልንገርዎት» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ደንቡ ከፈተናው በፊት የሆስፒታል ቦርድ ያልጻፈለት ሰው ይሮጣል ነው የሚለው። በሚስት ቃል አንዱን ካስወጣሁ ነገ የሁሉም ሚስት እዚህ በር ላይ ናት። እኔም እጠየቃለሁ።» ታንጉ ከበሩ ንቅንቅ አላለችም። ሐኪሟ ከዝርዝሩ ላይ አንድ ስም በጣቷ ፈለገች፣ አገኘች፣ ለጥቂት ጊዜ አየችው። «ይከተሉኝ» አለች።

የክሊኒኩ ድንኳን ውስጥ ሙቀቱ የመድኃኒት ሽታ አለው። ባየልኝ ሲገባ ደረቱ ላይ 58 ቁጥር ተለጥፏል። ሚስቱን ሲያይ መጀመሪያ «ያብስራ ምን ሆነች?» አለ። ታንጉ ራሷን ነቀነቀች። ያኔ ሁሉም ነገር ገባው፤ ፊቱ እንደ በር ተዘጋ።

«ሃምሳ አለቃ፣ በየካቲት ቤትዎ ወድቀው ነበር ይላሉ» አለች እየሩስ።

«እኔ? የት?» ወደ ሐኪሟ ብቻ ነው የሚያየው። «አልወደቅሁም። ሴትዮዋ ሰሞኑን እንቅልፍ የላትም፣ ተኩሱ አስደንግጧት ነው። ያልሆነ ነገር ታያለች።»

ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ኖረዋል፤ በሰው ፊት እንዲህ አድርጎ ያዋረዳት ዛሬ ነው። ታንጉ ያመማት ግን ቃሉ አልነበረም። ሲዋሽ ከንፈሩ ላይ ያ የአመድ ቀለም በጥቂቱ ሲመጣ ማየቷ ነው። «ባየ» አለችው፤ «በያብስራ ሞት ያስያዝኸኝን ጥሼ ነው የመጣሁት። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

እየሩስ የእጁን አንጓ ያዘች፤ ዓይኗን ሰዓቷ ላይ አድርጋ ቆጠረች። ድንኳኑ ውስጥ የሚሰማው የዝንብ ድምፅ ብቻ ነው። ከውጭ ፊሽካ ተነፋ። አንድ ሰው ስም መጥራት ጀመረ። ሐኪሟ ዓይኗን ከሰዓቱ አነሳች፤ እንደገና ቆጠረች፤ ማዳመጫውን ደረቱ ላይ፣ ከቁጥሩ ስር፣ አስገባች። ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ባየልኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ሲፈራ ታየ። «መቶ አለቃ፣ አንዴ ብቻ ልሩጥ» አለ፤ ድምፁ የሚለምን ሰው ድምፅ ነው። «ሃያ ሰባት ዓመት ነው። ሃያ አምስት ደቂቃ ብቻ ስጭኝ።»

«ሃምሳ አለቃ ባየልኝ!» አለ ከውጭ ያለው ድምፅ።

ባየልኝ ሊነሳ ጎንበስ አለ። እየሩስ ትከሻው ላይ እጇን አሳረፈች። ከባድ እጅ አልነበረም።

«ሃምሳ አለቃ ባየልኝ! ሃምሳ ስምንት ቁጥር!»

ማንም «አቤት» አላለም። ሦስተኛው ጥሪ አለፈ። ቀጥሎ የሌላ ሰው ስም ተጠራ፣ ሌላ ሰው «አቤት» አለ። ሐኪሟ ቁጥሩን ከደረቱ ላይ ቀስ ብላ ላጠችና «አምቡላንሱን አስነሱ» ብላ ወጣች። ባየልኝ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ከድንኳኑ ውጭ የመቶ ሰው እግር በአንድ ጊዜ መሬቱን መታው።

በከተማው ሆስፒታል አራት አልጋ ያለበት ክፍል ውስጥ አስተኙት። የልቡን ምት የሚስለው መሣሪያ በጄኔሬተር ሠራ፤ ከውስጡ የወጣውን ረጅም ወረቀት ሐኪሙ ከመስኮቱ ጋ አቁሞ አየው፤ ጓደኛውን ጠርቶ አሳየው። ልቡ የምቷን ሥርዓት ስታለች፣ አንዳንዴም ትቆማለች፣ አለ። እዚህ ሊደረግለት የሚችል ነገር የለም፤ ጎንደር መድረስ አለበት። መንገዱ ግን በአጀብ ካልሆነ አይኬድም፤ አጀቡ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው። «እስከዚያ እንዳይነሳ፣ እንዳይናደድ፣ ብቻውን እንዳይሆን» አለ ሐኪሙ ለታንጉ፤ ከዚያ ወደ ሌላው አልጋ አለፈ። ስለ ፈተናው፣ ስለ ስንብቱ ማንም የነገራቸው የለም። በዝርዝሩ ላይ ከስሙ ትይዩ «ታሟል» ተብሎ ይሁን «ቀርቷል» ተብሎ ይጻፍ፣ ያም ቢሆን ከነገ ወዲያ የሚታይ ነው።

ያብስራ ወሬውን ሰምታ በሩጫ መጣች፤ ረፊቃ የሰጠቻትን ብርቱካንና አንሶላ ይዛ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «አባዬ፣ እኔ አላወቅሁም ነበር» አለችና ፊቷን አንሶላው ውስጥ ደፋች። ባየልኝ ፊቱን ከግድግዳው ሳይመልስ እጁን ወደ ኋላ ልኮ ራሷን ዳበሰ። ታንጉ ብርቱካን ላጠችለት፣ አልበላም። ትራሱን አስተካከለችለት፣ አልከለከላትም፣ አላመሰገናትም። ከጎን ያለው የወባ በሽተኛ በብርድ ልብስ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ሰዓቱ አልሄድ አለ። ፀሐይዋ በመስኮቱ ሽቦ ውስጥ ቀልታ ወረደች፤ ያብስራ የሚጠጣ ውሃ ፍለጋ ወጣች፤ ሁለቱ ብቻቸውን ሆኑ።

«ታንጉ» አለ ወደ ግድግዳው እንደዞረ።

«ወዬ።»

«በየካቲት ያየሽው ብቻ አልነበረም።»

ከወንበሩ ላይ ጎንበስ አለች። «ስንቴ ነው?»

ባየልኝ ዞሮ ፊቷን አየ። ከድንኳኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እጁን ከአንሶላው ላይ አነሳ፤ አራት ጣት አሳያት። «አንዱ መሪ ላይ ነው» አለ፤ «የሽንፋን ቁልቁለት ስወርድ። አጠገቤ የነበረው ልጅ ተኝቶ ነበር፣ አላየም። ስነቃ መኪናው መንገዱ ላይ ነበር። እንዴት እንዳልተገለበጠ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ በፈጠረሽ አምላክ እንዴት እንደምፈራ... ለማን እላለሁ?»

ልትጮህበት ፈለገች። ስንት ጊዜ እንዲህ ሆኖ ቦቴውን ይዞ እንደወጣ፣ ስንት ቀን «ደህና ዋልሽ» እያለ ከሞት መጥቶ በር እንደከፈተላት፣ ልትዘረግፈው ነበር። «እሺ» ብቻ አለች። አሁንም በአየር ላይ የቀረችውን እጁን ያዘችና አራቱን ጣቶች አንድ በአንድ አጥፋ በሁለት መዳፏ ውስጥ ከደነቻት። ሐኪሟ ስታደርግ እንዳየችው አውራ ጣቷን ከአንጓው ስር አድርጋ ፈለገች። አገኘችው። ይመታል፣ ይመታል፣ ከዚያ ይጠፋል። ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። ተመለሰ። ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠግታ፣ እጁን ሳትለቅ፣ ከነገ ወዲያ ድረስ እንዲህ ልትቀመጥ ተመቻቸች።